ኮሪደር ላይ ለምትቆሙት

«ግዴታ ነው?»

ሁሌም ይቺው ናት ጥያቄያችሁ። ከማዋለጃ ክፍል ወጥቼ «ኦፕራሲዮን ሳያስፈልጋት አይቀርም፣ ሪፈር ልንጽፍላት ነው» ስል ባል ወደ እናቱ ያያል፣ እናቱ ወደ ጣሪያው ያያሉ፤ ከዚያ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ታላቅ ወንድሙ ጋ ይደውላል። ታላቅ ወንድም አዳማ ነው፤ አያነሳም። አምቡላንሱ በር ላይ ቆሟል፣ እኛ ስልኩ እስኪነሳ እንጠብቃለን።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ መውጫ ባለ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። በሙያው 16 ዓመት ሆነኝ። እኛ ጋ የሚመጡት እናቶች አብዛኞቹን ማርያም ትምራቸዋለች፤ ገንፏቸውን በልተው፣ ልጃቸውን ታቅፈው በማግስቱ ይሄዳሉ። የምጽፈው ስለ እነሱ አይደለም። ኦፕራሲዮን ክፍል ስለሌለን በሌሊት ወደ ሆስፒታል ስለምንልካቸው ጥቂቶች ነው፤ ይበልጡንም ስለ እናንተ፣ ኮሪደር ላይ ስለምትቆሙት ባል፣ እህት፣ አማት። ሐኪሙ የሚሠራውን ሐኪሙ ይሠራዋል። እናንተ የምትሠሩት ግን ከምጡ በፊት በነበሩት ወራት ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ። የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበትን ቀን ያዙና ዘጠኝ ወር ከ10 ቀን ጨምሩ። የኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ልክ 280 ቀን ይመጣል፤ ፈረንጆቹ ይህን ያህል አይቀናቸውም። ጥቅምት 12 ከሆነ ሐምሌ 22 ማለት ነው። መሃል ላይ ጳጉሜ ካለች ግን የሚጨመረው 10 ሳይሆን 5 ነው፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4። ጥር 5 ያየች ሴት ጥቅምት 10 ትጠበቃለች። ይህን ቀን የማታውቅ እናት ስትመጣ ሐኪሙ ኦፕራሲዮኑን የሚቀጥርበትን ሳምንት በግምት ይሠራል፤ ወይ ልጁ ሳይደርስ ይወጣል፣ ወይ እናትየዋ ከቀጠሮዋ በፊት ትደማለች።

ቀጥሎ ወረቀቱ። ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች ሴት ቤታችሁ ካለች፣ ዛሬውኑ ያኔ ከሆስፒታል ስትወጣ የተሰጣትን ወረቀት ፈልጉ። ከጠፋ ወደዚያው ሆስፒታል ሄዳችሁ ካርዷን አስወጥታችሁ አስጽፉ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሆዷ ቆዳ ላይ ያለው መስመር ማህፀኗ ላይ ያለውን አይናገርም። ከላይ ቆዳው በአግድም በቀጭኑ ተሰፍቶ፣ ከውስጥ ማህፀኑ ከላይ ወደ ታች ተቀዶ ሊሆን ይችላል። በታችኛው የማህፀን ክፍል በአግድም የተቀደደች ሴት በምጥ ልውለድ ብትል ጠባሳው የመተርተር ዕድሉ ከ100 አንድ አይሞላም። ከላይ ወደ ታች የተቀደደችው ግን ከ100 ከ4 እስከ 9 ይደርሳል፤ ስለዚህ እሷ ምጥ አትሞክርም፣ ምጥ ሳይጀምራት ቀን ተቆርጦ ነው የምትወልደው።

ይህን በደንብ የማውቀው ተሳስቼበት ስለሆነ ነው። ዓመቱን ልተወው። ከሌላ ከተማ ተዛውራ የመጣች ሴት ምጧ ገፍቶ በባጃጅ አመጧት። ጠባሳዋን አየሁ፤ በአግድም፣ ቀጭን፣ ክር የመሰለ። ወረቀት የላትም። አማቷ «ምንም የላትም፣ ያኔም ልጁ ስለተገለበጠ ነው» አሉኝ። ጠባሳ ያላትን እናት ወደ ሆስፒታል መላክ ደንብ ነው፤ እኔ ግን መንገድ ላይ ከምትወልድ እዚሁ ትገላገል ብዬ ያዝኳት። ውሳኔው የኔ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንዴ በኃይል ጮኸች፤ ከዚያ ምጡ ቆመ። አማቷ «ተመስገን፣ ትንሽ አረፈች» አሉ። እኔ እጄን ሆዷ ላይ ሳደርግ ክብ የነበረው ሆድ ክብነቱ ጠፍቷል፤ በቀጭን ቆዳ ስር የልጁ ክርን እጄን ነካኝ። የእጇ የደም ምት እየፈጠነ ነበር። ማህፀኗ ተተርትሮ ልጁ ወደ ሆድ ዕቃዋ ወጥቷል። ሆስፒታል ደርሳ ተከፈተች። እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ጠባሳው ከላይ ወደ ታች ኖሯል።

ስለዚህ በምጥ ላይ ያለች ሴት ምጧ ድንገት ቢቆም እረፍት አይደለም። በተለይ ጠባሳ ያላት፣ ብዙ የወለደች፣ ወይም ምጥ ይዟት ሌሊቱን ሙሉ ያደረች ከሆነች ባለሙያ ጥሩ፣ ጮኻችሁም ቢሆን። ሐኪሙ እንዲህ ያለውን ማህፀን ሲከፍት ሁለት መንገድ አለው፤ የተቀደደበት ጠርዝ ንጹሕ ከሆነ ይሰፋዋል፣ ተቦጫጭቆ ደሙን ማቆም ካልተቻለ ያወጣዋል። የተሰፋላት ሴት ወደፊት ብታረግዝ በምጥ አትወልድም፤ ቀጠሮዋን ይዛ ቀድማ ትገባለች። ይህን ሐኪሙ ካልነገራችሁ ጠይቁት።

አሁን ወደ እንግዴ ልጁ ልምጣ፤ እኔ ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው።

ሁለተኛዋን የአልትራሳውንድ ቀን ወንድ ነው ሴት ነው ብላችሁ ብቻ አትውጡ። «እንግዴ ልጁ የት ላይ ነው የተቀመጠው?» በሉ። ጠባሳ ካላት ደግሞ «ጠባሳው ላይ ነው?» ብላችሁ ጨምሩ። ወደ ታች ወርዶ የማህፀኑን አፍ የደፈነ ከሆነ ምልክቱ ቀይ ትኩስ ደም ነው፤ ሕመም የለውም፣ ምጥ የለውም፣ ልብስ ስታጥብ ወይም ተኝታ ሳለ ብቻ ድንገት ይመጣል። ትንሽ መጥቶ ሊቆምም ይችላል። ቆመ ብላችሁ አትቀመጡ። ሌላም ነገር አለ፤ እንዲህ የምትደማን እርጉዝ እንግዴ ልጁ የት እንዳለ በአልትራሳውንድ ሳይታይ ማንም በጣቱ ከውስጥ አይመርምራት። ባለሙያ ነኝ ቢልም። «አልትራሳውንዱ በፊት ይታይ» ማለት መብታችሁ ነው።

የባሰው ሲጣበቅ ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ቶሎ ይገባታል። የተሟሸ ምጣድ ላይ እንጀራው ሲበስል ጠርዙ ራሱ ይነሳል፣ ሰፌዱን አስጠግቶ መሳብ ነው። ያልተሟሸ ወይም የተላጠ ቦታ ካለው እንጀራው እዚያች ላይ ይይዛል፤ ብትጎትቺው ይቀደዳል እንጂ አይነሳም። የኦፕራሲዮን ጠባሳ ያ የተላጠው ቦታ ነው። እንግዴ ልጅ እዚያ ላይ ካረፈ ሥሩን ወደ ማህፀኑ ሥጋ፣ አንዳንዴም አልፎ እስከ ሽንት ፊኛ ድረስ ይሰዳል። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ እንግዴ ልጇ ወደ ታች ከወረደ ሴቶች መሃል ከዚያ በፊት አንድ ኦፕራሲዮን ካደረጉት ከ100 ወደ 11፣ ሁለት ካደረጉት 40፣ ሦስት ካደረጉት 61 የሚሆኑት ላይ ተጣብቆ ተገኝቷል። ከግል ክሊኒክ በር ላይ «ምጥ አልፈልግም፣ ቀዳችሁ አውጡልኝ» የምትሉ እህቶቼ፣ አራት ልጅ የምታስቡ ከሆነ ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

እንዲህ ዓይነቷን ሴት መርዳት የሚቻለው ቀድሞ ከታወቀ ነው። በ34 እና በ36 ሳምንት መካከል ቀን ይቆረጣል፣ ለልጁ ሳንባ መርፌ ትወስዳለች፣ ደም ተዘጋጅቶ ይቀመጣል። ሐኪሙ ሆዷን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች ይከፍታል፤ ማህፀኑን እንግዴ ልጁ በሌለበት በኩል ቀዶ ልጁን ያወጣል፤ እትብቱን አስሮ እንግዴ ልጁን ሳይነካ ይተወዋል፤ ከዚያ ማህፀኑን ከነእንግዴ ልጁ አንድ ላይ ያወጣል። ለምን አይላቅቀውም ትሉኛላችሁ። ቀኗ በደረሰ እርጉዝ ማህፀን ውስጥ በደቂቃ ከግማሽ ሊትር በላይ ደም ያልፋል። አንድ ትንሽ ሃይላንድ፣ በየደቂቃው። ከተላቀቀ በኋላ ለማሰብ ጊዜ የለም።

ማህፀን ይውጣ ሲባል ቤተሰብ የሚፈራውን አውቃለሁ። አንድ ባል «ሴትነቷን ልትወስዱባት ነው?» ብሎኛል። አይደለም። የእንቁላል ከረጢቶቿ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራሉ። የወር አበባ አታይም፣ አታረግዝም፤ ከዚያ ውጪ ግን ያው እሷ ናት። ከባለቤቷ ጋር መኝታ አለ፣ ማጥባትም አለ። ይህን ነገር ኮሪደር ላይ ሳይሆን ቤታችሁ ቡና እየጠጣችሁ በስድስተኛው ወር ተነጋገሩት። የምትፈርመው ራሷን እስካወቀች ድረስ ራሷ ናት። ራሷን ካላወቀች የሚፈርመው ማን እንደሆነ ቀድሞ ይወሰን፤ እዚህ ከተማ ያለ፣ ስልኩን የሚያነሳ ሰው ይሁን።

ደም። እኛ ሠፈር ሰዉ ሁሉ ከየቦታው የመጣ ስለሆነ ዘመድ በሌሊት አይገኝም፤ ጎረቤት ግን አለ። የብሎካችሁ የቴሌግራም ግሩፕ «ውሃ መጣ፣ ውሃ ሄደ» ብቻ የሚጻፍበት ከሆነ ሌላም ይጻፍበት። አራት ሰው ያዙ፤ ጤነኛ፣ ከ18 ዓመት በላይ፣ ባለፉት ሦስት ወራት ደም ያልሰጠ። ስማቸውን፣ ስልካቸውንና የደም ዓይነታቸውን በአንድ ወረቀት ጻፉ። ደም ባንክ ደም አይሸጥም፣ እናንተም አትግዙ፤ ደላላ ከመጣ አባሩት። እናትየዋ አር ኤች ኔጌቲቭ ከሆነች ሥራው ይከብዳል፣ እንዲህ ዓይነት ደም በብዛት አይገኝም፣ ስለዚህ ፍለጋው ቀድሞ ይጀመር። ሾተላይ የምንለው ነገር የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ የልጁ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ ከወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ለእናትየዋ የሚሰጠው የሾተላይ መከላከያ መርፌ እንዳይረሳ። ከውርጃ በኋላም፣ ከማህፀን ውጪ ከተፈጠረ እርግዝና በኋላም ይህንኑ ጠይቁ።

ይህን ካነሳሁ አይቀር፣ ከማህፀን ውጪ እርግዝና ከ100 እርግዝና በአንድ ወይም በሁለቱ የሚያጋጥም ነው፤ ብዙውን ጊዜ እንቁላሉን ወደ ማህፀን በሚያደርሰው ቱቦ ውስጥ ነው። እዚህ ጋ ችግሩ ማንም እርጉዝ መሆኗን አያውቅም፣ አንዳንዴ ራሷም። ወር አበባዋ ከቀረ ሁለት ሦስት ሳምንት ሆኖት ከሆድ በታች በአንድ ጎን ያማታል፣ ትንሽ ጥቁር ደም ታያለች፤ ጨጓራ ነው ተብላ ኦሜፕራዞል ይዛ ትመለሳለች። ቱቦው ሲፈነዳ ደሙ ወደ ውስጥ ስለሚፈስ ከውጪ አይታይም። ትከሻዋን የሚወጋት፣ መጸዳጃ ቤት ስትቀመጥ የሚያዞራት ሴት ጨጓራ አይደለችም። የሽንት ምርመራው ይሠራ፣ ፖዘቲቭ ከሆነ አልትራሳውንድ። ከፈነዳ ሆድ ተከፍቶ ቱቦው ይወጣል፤ ሁለተኛው ቱቦ ጤነኛ ከሆነ ወደፊት ትወልዳለች። ሳይፈነዳ በትንሽነቱ ከተደረሰበት በመርፌ መድኃኒት የሚሟሽሽበት ጊዜም አለ፣ ግን በየሳምንቱ ደሟን ለመታየት የምትመላለስ ከሆነች ብቻ።

ልጁ ከወጣ በኋላም እልል ተብሎ ሁሉም ወደ ልጁ ሲዞር አንድ ሰው ወደ እናትየዋ ይይ። ግማሽ ሊትር ደም ከፈሰሳት ደም መፍሰስ ይባላል፤ ያው ትንሿን ሃይላንድ አስቡ። በጨርቅ ላይ ግን ትንሽ ይመስላል፣ ስለዚህ የረጠበውን ጨርቅ አትጣሉት፣ አሳዩን። እኛ ማህፀኑ እንዲጠብቅ መርፌውን እንወጋለን፣ ከእምብርቷ በታች በእጅ እናሻለን፣ በደም ሥሯ ፈሳሽ እንሰቅላለን፣ ደም የሚያረጋ መድኃኒትም እንሰጣለን፤ እሱ በወለደች በሦስት ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ነው የሚጠቅመው። ካልቆመ ኮንዶም በሽንት ቱቦ ጫፍ አስረን ማህፀኗ ውስጥ በሚሰቀለው የጨው ውሃ እንነፋዋለን፤ ከውስጥ ይጫነዋል። ከባንግላዴሽ የመጣ ዘዴ ነው። አማት ሲያዩት ያፍራሉ፤ ቢያፍሩም ባያፍሩም ስንቷን አድኗል።

አንዲት ነገር ልጨምር፤ አንዳንዴ ዝም ብዬ እጄን ጨብጬ ስቆም ታዩኛላችሁ። ጸሎት እያደረስኩ አይደለም። በመዳፌ ውስጥ ትንሽ የብርጭቆ ቱቦ አለች፤ ውስጧ ከእናትየዋ የተቀዳ ሁለት ሚሊ ሊትር ደም አለ። በሰውነቴ ሙቀት ይዤ አራተኛው ደቂቃ ላይ ቀስ አድርጌ አዘነብላታለሁ፣ ከዚያ በየደቂቃው። ሰባት ደቂቃ አልፎ ደሙ እንደ እርጎ ካልረጋ፣ ሰውነቷ ደም ማርጋት አቅቶታል ማለት ነው። ያኔ ቀና ብዬ የማየው የአምቡላንሱን ሹፌር ነው።

ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሙ ወዲያው ወደ ማውጣት አይሮጥም። ማህፀኑን እንደ ሱሪ ማንጠልጠያ ከፊትና ከኋላ በወፍራም ክር ጠፍሮ የሚያስር ስፌት አለ፤ ቢ ሊንች የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ። ደም የሚያመጡትን ሥሮች ማሰርም አለ። ይህ ሁሉ አልያዝ ሲል ነው ማህፀን የሚወጣው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማመንታት ነው የሚገድለው። ኦፕራሲዮኑን የሚሠራው ሰው ዶክተር ሳይሆን ለድንገተኛ ቀዶ ጥገና በማስተርስ የሠለጠነ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። «ዶክተሩ ይምጣ» ብላችሁ አታስቁሙት፤ እሱ እጁ ላይ ያለው ይኸው ሥራ ነው።

ቤት ድንገት ከወለደች ደግሞ እትብቱን ማንም እንዳይጎትት። ሳይኮማተር የተጎተተ ማህፀን እንደ ካልሲ ተገልብጦ ሊወጣ ይችላል። ብርቅ ነው፤ እኔ ያየሁት አንዴ ነው፣ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም።

መንገዱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939። ሁለቱንም ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ የሠፈራችሁን ባለ መኪናም ስልክ ጨምሩ፣ አምቡላንስ በቃሊቲ የጭነት መኪና ሰልፍ መሃል ሊያዝ ይችላልና። ስትሄድ በግራ ጎኗ ትተኛ፣ ጋቢ አልብሷት፣ ይበርዳታል። ምግብም ውሃም አትስጧት፤ ማደንዘዣ ይጠብቃታል። ጸበሉን ግንባሯ ላይ አድርጉላት፣ አይጠጣ። ከእኛ ደግሞ አንድ ነገር ጠይቁ፤ «ሆስፒታሉ ጋ ደውላችኋል ወይ?» በሉን። ድሮ ሌላ ቦታ ስሠራ ሳልደውል ልኬ አልጋ የለም ተብላ ተመልሳ ሌላ ሆስፒታል የሄደች እናት አለችኝ። 50 ደቂቃ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሳይነሳ ሪፈር ወረቀት ላይ ማኅተም አላደርግም።

ምጥ ላይ ረጅም ጊዜ ቆይታ የወለደች እናት የሽንት ቱቦ ተደርጎላት ከሆነ «ያማታል፣ አውጡላት» አትበሉን። የልጁ ጭንቅላት ብዙ ሰዓት የተጫነው ሥጋ ይሞታል፤ ፊኛዋ በቱቦው እየፈሰሰ ካረፈ ግን ትንሹ ቀዳዳ ራሱ ሊደፈን ይችላል፣ ስለዚህ ቱቦው ሳምንትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ቱቦው ወጥቶ ሽንቷ አልቋረጥ ካላት ፊስቱላ ነው። እርግማን አይደለም፤ ይሰፋል። ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ወደዚህ አገር መጥተው የከፈቱት ሆስፒታል አዲስ አበባ ውስጥ ነው፤ ሕክምናው በነፃ ነው። ስለምታፍር አትነግራችሁም፤ ፍራሿን ፀሐይ ላይ በየቀኑ ስታሰጣ ካያችሁ እናንተ ጠይቋት።

ከሆስፒታል ስትወጡ መጨረሻ የምትሠሩት ሥራ መጀመሪያ የጠየቅኳችሁን ነው። ሐኪሙን አስቁሙና አራት መስመር አስጽፉት፤ ማህፀኗ የተቀደደው በየት በኩል ነው፣ የወጣ ወይም የታሰረ ነገር አለ ወይ፣ ስንት ከረጢት ደም ወሰደች፣ ቀጣዩን በምጥ መሞከር ትችላለች ወይ። ፎቶ አንሱትና ለራሷም ለእህቷም ላኩ። ወረቀቱን ደግሞ ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር በፌስታል ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ የክትባት ካርድ የጠፋበት ቤት እስካሁን አላየሁም።